ጥያቄው አይሰማም

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

ስሜ ፀዳል ነው። የምኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 ውስጥ ነው። ይህ ነገር የደረሰብኝ በጨለማ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ፈጠራ ነው የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ታዋቂ ለመሆን ብላ ነው የምትሉም አትጠፉም። ታዋቂማ ነበርኩ... ውሰዱት፣ ለእናንተ ይሁን።

አንዳንዶቻችሁ ታውቁኛላችሁ። "ሰባ ቀን" የሚባለው የቴሌቪዥን ውድድር ላይ ነበርኩ። ስድስት ጥንዶች በአንድ ቤት ተቆልፎባቸው ሰባ ቀን ይኖራሉ፤ አገር ያያቸዋል። እኔ የገባሁት ከእጮኛዬ ከአምሀ ጋር ነው። ቤተሰብ ሊጠይቀን የመጣ ቀን፣ ቤቱ በአርባ እንግዳ በተሞላበት ሰዓት፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ነበርኩ። ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ማይክ ያጠፋሁት መስሎኝ ነበር።

አላጠፋሁትም።

አገር የሰማው የእኔን ድምፅ ብቻ ነው። የሰውየው አልተሰማም። "እኔም ናፍቀኸኛል... ቀስ በል... ሰው ይመጣል።" ይኸው ነው። ዘጠኝ ሰከንድ።

ለዘጠኝ ሰከንድ ያልተባልኩት የለም። ማን ነው ብላችሁ ስለ ሰውየው እንደ እንቆቅልሽ ተጫወታችሁ እንጂ አንዳችሁም አልፈረዳችሁበትም። እኛ አገር ሴት ብቻዋን ትማግጣለች! እንዴት እንደሚቻል ግን እስካሁን ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

ለመሸሽ አይደለም ይህን የምለው። በድያለሁ። አምሀን በድያለሁ። ከአምሀ በላይ የበደልኩት ሰው ግን ሌላ ነው።

ሰውየው የታላቅ እህቴ ባል ነበር።

ስሙን አልጽፈውም። ዛሬም።

እህቴ መስከረም የምትኖረው ድሬዳዋ ነው። እናቴ እንኳን ስልኬን ማንሳት ባቆመች ጊዜ "ነይ እኔ ጋ" ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"እዚህም ያውቁሻል" አለችኝ። "ባሌ ጨርቅ የሚያመጣው ጅቡቲ ካሉ አንዲት ሴትዮ ነው። እሳቸው ጋ ትቀመጫለሽ። እስኪረሱሽ።"

ባሏ ቀና ብሎ አላየኝም። ሻንጣዬን ባቡር ላይ የጫነልኝ ግን እሱ ነው።

እንግዲህ በዓለም ላይ የቀረኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር... ያንን ስም ከአፌ አለማውጣት። ከወጣ የመስከረም ትዳር ያበቃል። የቀረችኝንም አንድ ሰው አጣለሁ።

ሴትዮዋ እማማ ዓዚዛ ይባላሉ። ድሬ ተወልደው አድገው፣ ጅቡቲ ከገቡ አርባ ዓመት ያለፋቸው። ቤታቸው በሳንቃ ለሁለት ተከፍሏል። በዚያ በኩል እሳቸው፣ በዚህ በኩል እኔ። የሚያዩት የቱርክ ድራማ ብቻ ስለሆነ ማን እንደሆንኩ አያውቁም።

"እርስዎ አትበይኝ" ይሉኛል። "አስረጀሽኝ እኮ! ድሬ ውስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለም።"

ጠዋት ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ እንዘጋለን። ሰባት ሰዓት ሲሆን የጫት መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እያንባረቁ ይገባሉ። ከዚያ ከተማው ጭጭ ይላል። ቃሚው ለመቃም፣ ሌላው ለመተኛት በሩን ይዘጋል። እስከ አስር ሰዓት መንገድ ላይ ድመት እንኳን አታዩም። የሐምሌው ንፋስ ብቻ ቆርቆሮውን ይነካካል።

እኔም እተኛ ነበር።

የምተኛ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቋል። ሲያወራ የዋለ ሰው ጉሮሮ። ክፍሌ ውስጥ ያለችው አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ስተኛ ልብሴን ወርውሬባት ነበር። አሁን ልብሱ አልጋው ጫፍ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።

እኔ ልብስ አላጥፍም።

አስር ሰዓት ላይ ሱቁን ስንከፍት እማማ ዓዚዛ ከጨርቁ ክምር ላይ ሆነው ገላመጡኝ።

"ማንን አስገብተሽ ነው?"

"የት?"

"ክፍልሽ። ሰባት ሰዓት ላይ። ስታወሪ ነበር።"

"ተኝቼ ነበር እማማ።"

"ወላሂ? ታዲያ በእንቅልፍሽ አማርኛሽ ያምራል። ዜና አንባቢ ነው የምትመስይው!"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ማክሰኞ ግን አልሳቁም።

"ዛሬም አወራሽ።"

"ምን አልኩ?"

"'ዛሬ ምሳ የበላሁት ፉል ነው' አልሽ። ዝም። ቆየሽና 'የተኛሁት በግራ ጎኔ ነው' አልሽ። ዝም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ... ምን እንደበላሽ ማን ጠየቀሽ?"

የያዝኩት መቀስ ከእጄ ወደቀ።

ለምን እንደደነገጥኩ እንድትረዱኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። "ሰባ ቀን" ቤት ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ተራ በተራ ገብተን ከግድግዳው ትይዩ ባለ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ካሜራው ሥር፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ፣ እሸቴ የሚባል ጠያቂ ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል። የእሱ ድምፅ ኋላ ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄውን በመልሳችን ውስጥ እንድንደግም አሠልጥነውናል። "ምን በላሽ?" ሲለኝ "ፉል" ብዬ ማለፍ አልችልም። "ዛሬ ምሳ የበላሁት ፉል ነው።" ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ጥያቄው አይሰማም፤ መልሱ ብቻውን ይቆማል።

ደህና ስንመልስለት እሸቴ በለሆሳስ "ግሩም... አንድ ጊዜ ደግሞ" ይል ነበር።

የሚጀምረው ሁልጊዜ ከቀላሉ ነው። ምን በላሽ። እንዴት አደርሽ። አፍ ሲፍታታ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ረቡዕ ዕለት እማማ ዓዚዛን ለመንኳቸው።

"ስልክዎን ሳንቃው ላይ አስደግፈው ድምፄን ይቅዱልኝ።"

"አንቺ ልጅ፣ ጂን ልታስቀጂኝ ነው?"

"እኔን ነው የሚቀዱት።"

"ከጂኑ አንቺ ትብሺያለሽ" አሉ። ግን እሺ አሉኝ።

በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። እግሬን በሻሽ ከአልጋው ጋር አሰርኩ። ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ስነቃ ቋጠሮው እንደነበረ ነው። በሩም እንደተቀረቀረ ነው።

ወንበሯ ግን ዞራለች። መቀመጫዋን ነካሁት...

ሞቋል።

ቅጂውን የሰማነው ሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ አንድ ስልክ ላይ ተጎንብሰን ነው። ድምፄ ነው። ጥርት ያለ፣ እንቅልፍ የሌለበት።

"ሰውየው ባለትዳር ነው።"

ዝም። አንድ ሰው አጭር ጥያቄ የሚጠይቅበት ያህል ጊዜ።

"ሚስቱን አውቃታለሁ።"

ዝም።

"ሚስቱ የምትኖረው ድሬዳዋ ነው።"

ዝም... ይሄኛው ረዘመ።

"ስሙን የምናገረው ነገ ነው።"

እማማ ዓዚዛ ስልኩን ቀስ ብለው አጠፉት።

"ድሬ የት ሰፈር?" አሉ በሹክሹክታ። "ከዚራ? ሳቢያን?"

"እማማ!"

"ምን አልኩ? ድሬ ጠባብ ናት ብዬ ነው።"

ማታ መስከረም እንደ ወትሮዋ ደወለች። ሕፃኑ ሲራገጥባት እንደዋለ እየሳቀች ነገረችኝ።

"ሴት ናት ብለውኛል። ስም አንቺ ታወጪላታለሽ እሺ?"

"..."

"ፀዲ? ምነው ዘጋሽ?"

"ሰማሁሽ" አልኳት። አፌን ብዙ መክፈት ፈርቼ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቤት ላለመሆን ወሰንኩ። ክፍሌን በትልቅ ጓጉንቸር ከውጭ ቆለፍኩ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በሚኒባስ ቡላኦስ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። በሩን ያልዘጋ አንድ ምግብ ቤት አገኘሁ። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ውሃ አዘዝኩና አፌን ሞልቼ ያዝኩት። ሳልውጥ። ውሃ የሞላ አፍ ስም አይጠራም።

የጫት መኪኖቹ ጮኹ።

መንገዱ ባዶ ሆነ።

ነቅቻለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አያለሁ። ሰባት ከአምስት... ሰባት ከስምንት... ምንም የለም። ደስ ሊለኝ ጀመረ።

ስልኬ ጮኸ። እማማ ዓዚዛ ናቸው። ውሃውን መሬት ላይ ተፋሁት።

"በርሽ ከውጭ ተቆልፏል" አሉኝ እያንሾካሾኩ። "ጓጉንቸሩን በእጄ ይዤዋለሁ።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ የቆለፍኩት። ቡላኦስ ነኝ እማማ።"

ጓጉንቸሩን ሲጎትቱት ተሰማኝ።

"አንቺ ቡላኦስ ካለሽ... ይቺ ማናት?"

ስልኩን በሩ ላይ አስጠጉት።

ሰማሁት። እኔው ነኝ። ረጋ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ሠለጠንኩት።

"የሰውየው ስም..."

"እማማ ይጩኹ! በሩን ይደብድቡ! ዝም አያሰኟትም?"

እማማ ዓዚዛ "ቢስሚላህ!" እያሉ የበሩን ቆርቆሮ በመዳፋቸው ደበደቡት። ያ ድምፅ ተቋረጠ። ስሙ ሲወጣ ይሁን ከመውጣቱ በፊት... አላወቅኩም።

እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። ስሙ መውጣቱ ካልቀረ ከእኔ ይውጣ። ከእሷ ሳይሆን፣ ከእኔ። መስከረም ጋ ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው።

"መስኪ... የምነግርሽ ነገር አለ።"

አላስጨረሰችኝም።

"ስንቴ ነው የምትነግሪኝ?"

"ምን?"

"አሁን ነገርሽኝ እኮ። ምንም ሳልጠይቅሽ። ስሙን ከነአባቱ። እንደገና ደግሞ ልትይው ስትጀምሪ በር ሲደበደብ ሰማሁና ተቋረጠ።"

"መስኪ፣ እኔ አልደወልኩልሽም..."

"ድምፅሽን አላውቀውም?" አላለቀሰችም። ብታለቅስ በተሻለኝ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አጠገብሽ ያለው ሰውዬ ማነው?"

"የምን ሰውዬ?"

"በለሆሳስ የሚያወራው። 'ግሩም' የሚልሽ። 'አንድ ጊዜ ደግሞ... ስሙን ጎላ አድርገሽ' የሚልሽ።"

ስልኩ ተዘጋ።

ጥሪዎቼን አየሁ። አሁን ከደወልኩት በቀር ዛሬ ወደ ድሬ የደወልኩት የለም።

ካርቲየ 4 ስደርስ እማማ ዓዚዛ በሬ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ጓጉንቸሩ አልተነካም። ከፈትኩት።

ወንበሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

በወንበሯና በግድግዳው መካከል፣ ዝቅ ያለች የእንጨት በርጩማ አለች።

እኔ በርጩማ ኖሮኝ አያውቅም። እማማ ዓዚዛም የላቸውም። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ነኳትና እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ። በዚያው ቀን በሰው አስወስደው ባሕር አስጣሏት።

ስሙን ሰምተው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ለእህቴ ባል ጨርቅ አይሸጡም።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። መስከረም ስልኬን አታነሳም። ወልዳለች ብለው ነገሩኝ። ሴት ናት። ስሟን የነገረኝ የለም።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም በራሴ እጅ ልጻፈው አልኩ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ፈቃዴ። ከሰደባችሁኝም በሙሉ ታሪኩ ስደቡኝ ብዬ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን አነሳሁና ጀመርኩ።

አሁን ከመላኬ በፊት ከላይ መለስ ብዬ አነበብኩት።

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ስሜ ፀዳል ነው። የምኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 ውስጥ ነው...

ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

ማነው የጠየቀኝ?

ሰዓቱ ሰባት ከአሥራ አራት ይላል። የጫት መኪኖቹ ሲገቡ አልሰማሁም። አልጋዬ ላይም አይደለሁም። ከስልኬ ባሻገር የሚታየኝ ግድግዳ ነው።

ጉልበቴ ላይ የሰው ትንፋሽ ይሞቀኛል።

ዝቅ ብዬ አላየሁም።