ግራ ጌታው

ጊታር ሠሪው ዘርአ ዳዊት የሞተው ጊታሩን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ ነበር። በጠባሴ ሰፈር፣ ከቤቱ ጓሮ ባለችው ጠባብ የሥራ ክፍል ውስጥ ወንበሩን ተደግፎ አንገቱን ወደ ጎን ስለጣለ፣ ላየው ያንቀላፋ ይመስላል። እግሩ ሥር አመድ የሆነ የከሰል ምድጃ አለ። የመስኮቱ ስንጥቅ በብርድ ልብስ ቅዳጅ ተወትፏል፤ ሌላ ቅዳጅ ደግሞ በሩ ሥር ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ የተጋመሰ አረቄና አንድ ብርጭቆ ይታያል።

መንደሩ ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። «ራሱን ነው» ተባለ።

ኢንስፔክተር አልታየች ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ሲስማማ ደስ አይላትም። የደብረ ብርሃንን ብርድ እየረገመች ገባችና ሁለቱን ቅዳጆች አንስታ በየተራ ጉንጯ ላይ አስነካቻቸው። የመስኮቱ ደረቅ ነው። የበሩ ግን ረጥቧል፤ ሣርም ይዟል። ለየብቻ ቋጠረቻቸው።

ስትወጣ የሟቹን አባት መሪጌታ ገብረ ሕይወትን ደጁ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ከአንኮበር በሚኒባስ ገና መድረሳቸው ነው። ልጃቸው የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ትቶ ጊታር ካነሳ ወዲህ ይህን ደጅ ረግጠው አያውቁም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሏት። «ራሱን ገድሎ ከሆነ ፍትሐት የለውም። እንደ ክርስቲያን የማልቀብረው ከሆነ፣ ቁርጤን ልወቅ።»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁርጡን እነግርዎታለሁ፣ መሪጌታ።»

የመጀመሪያዋ ተጠያቂ ሚስቱ ሔራን ነበረች። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት።

«እሁድ ጠዋት ጎረቤላ ሄድኩ፤ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። ዛሬ ስመለስ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ አልተቆለፈም። ገፍቼ ስሮጥ የሆነ ነገር እግሬን ጠለፈኝ፤ ከዚያ . . . ሲሞት እንኳ እሷን ታቅፎ!» ጊታሩን በዓይኗ ወጋችው። «ጣውንቴ እኮ ናት! ከጭኑ አትወርድም። ሌላው ጊታሩን ደረቱ ላይ ይይዛል፤ የኔው ባል ጭኑ ላይ አስተኝቶ በብረት ይዳብሳታል።»

«ከሰል ያነድዳል?»

«እዚህ? ኧረ በጭራሽ። ሰሙን የሚያቀልጠው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። አረቄም ቢሆን ብቻውን አይጠጣም።»

«ሰም ለምኑ ነው?»

ሔራን እንባዋን ጠርጋ አስረዳቻት። ከክሮቹ ሥር ያሉት ሁለት ትናንሽ ሣጥኖች ፒክአፕ ይባላሉ። ማግኔት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ናቸው፤ የክሩን ንዝረት ወደ ድምፅ ማጉያው ያደርሳሉ። ዘርአ ዳዊት ሽቦውን ከአሮጌ ሬዲዮ እየፈታ ራሱ ይጠመጥምና እንዳይላወስ በሰም ይደፍነዋል።

«ድሮ የሚገጥመው አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን የጨመረው ቅዳሜ ማታ ነው። አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ጠምጥሞ፣ የኤሌክትሪኩን ጉምጉምታ እርስ በርስ ያጠፋፋሉ አለኝ። በማኅሌት በቀኝና በግራ ቆመው እንደሚቀባበሉት መሪዎች፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ብሎ ሰየማቸው። የካህን ልጅ አይደል! ማጉያውን አብርቶ ‹በርቷል ወይስ ጠፍቷል?› እያለ ሲጫወትብኝ አመሸ፤ ጭጭ ነበር።»

አልታየች ማጉያውን አበራችው። ክፍሉ በጉምጉምታ ተሞላ።

ሔራን ክው አለች። «ይሄ የሱ አይደለም! ፒክአፑን ወስደውበታል!»

ረዳቷ ሳጅን ወልደተንሣኤ ይህን ሲሰማ ስልኩን አወጣ። «ሄሎ፣ ደብረ ሲና ኬላ? ፒክአፕ ካለፈ አስቁሙልኝ! ሰሌዳው ገና አልታወቀም . . .»

«ሳጅን!» አለች አልታየች። «የምንፈልገው ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው።»

ሔራን እያለቀሰች ሳቀች።

አልታየች የሁለቱንም ሣጥኖች ክዳን ከፈተች። አንደኛው ማር ማር በሚሸት ቢጫ ሰም ተደፍኗል። ሁለተኛው ላይ ያለው ነጭ የሱቅ ሻማ ነው።

«ቢጫውን ሰም ከየት ነበር የሚያመጣው?»

«‹ከአንድ ወዳጄ› ነው የሚለኝ። ስሙን ነግሮኝ አያውቅም።»

ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው መምህር ቴዎፍሎስ ተጠራ። ለዘርአ ዳዊት ማጉያ የሚሠራለት እሱ ነው።

«ለሔራን መጀመሪያ ሽማግሌ የላኩት እኔ ነኝ» አለ ሳይጠየቅ። «እሷ እሱን መረጠች። ማጉያውን የምሠራለትም እሷን ለማየት ነበር። ቅናቴ አልለቀቀኝም፤ አልዋሽም።»

«ፒክአፑ ጠፍቷል» አለችው።

ወደ ጊታሩ ጎንበስ አለ። «ምን ጠፋ? ይኸው ተገጥሞ የለም እንዴ . . . ሁለት ሆኗል? መቼ ነው ሁለት ያደረገው? ለኔ ሳይነግረኝ!» አለና ፊቱ ቅጭም አለ።

ሦስተኛው ኪዳነ ማርያም ነበር፤ በዘርአ ዳዊት ጊታሮች ሰርግ ሲያደምቅ የኖረ ተጫዋች። በልቅሶው ድንኳን ከእሱ አብልጦ ያለቀሰ አልነበረም። አልታየች እዚያው አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጓደኛህ ነበር አሉ።»

«ወንድሜ ነበር እንጂ! ግን ከመስቀል ወዲህ ተኳርፈናል። ደጁን አልረገጥኩም፤ ስልክም አያነሳልኝም። ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› እያለ ያሾፍብኝ ነበር፤ ምቀኛ አደረገኝ።»

«አንድ ነገር ላማክርህ። ፒክአፑ ጠፍቷል።»

ኪዳነ ማርያም ዓይኑን አሸ። «የቱ? ቀኝ ጌታው ወይስ ግራ ጌታው?»

«እሱን እናጣራለን» አለችና ተነሣች። ከዚያም ሳጅኑን ጠርታ በጆሮው አንሾካሾከችለት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን ተሻግረው ገቡ።

«ከቅዳጆቹ ልጀምር» አለች። «የመስኮቱ ደረቅ ነው። የበሩ ግን ርጥብ ነው፤ ሣርም ይዟል። ትናንት ሌሊት አመዳይ ወርዷል፤ አመዳይ ደግሞ ቤት ውስጥ አይወርድም። ያ ቅዳጅ ያደረው በውጭ በኩል ነው። ወደ ውስጥ ጎትታ ያስገባችው ሔራን ናት፤ ሮጣ ስትገባ እግሯን የጠለፋት እሱ ነበር። ሰው ራሱን ሊገድል ቤት ከገባ በኋላ በሩን ከውጭ አይወትፍም።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አማተቡ።

«እሁድ አንድ ሰው አረቄ ይዞ መጣ። አጠጥቶ አስተኛው፤ ከሰሉን አስገብቶ ወተፈበት። ከመውጣቱ በፊት ግን ቅናቱ አላስቻለውም። አንዱን ፒክአፕ ሰርቆ፣ ራሱ በሱቅ ሻማ የደፈነውን ገጠመበት። እዚህ ላይ ተሳሳተ። ግራ ጌታ ሲባል በግራ የተቀመጠ መሰለው እንጂ ወደ ግራ የተጠመጠመ መሆኑን አላወቀም። በቦታው የገጠመው የራሱ ግን ወደ ቀኝ የተጠመጠመ ነው። አሁን ሁለት ቀኝ ጌቶች አንድ ላይ ይጮሃሉ፤ የሚቀበል የለም።»

«ቴዎፍሎስ ሁለት መሆኑን እንኳ አላወቀም ነበር» አለች አልታየች ቀጥላ። «ሔራን ደግሞ ራሷ ለውጣው ቢሆን ኖሮ ተወስዷል ብላ አትጮህም ነበር። ፒክአፖቹ ስም የወጣላቸው ቅዳሜ ማታ ነው። ኪዳነ ማርያም፣ ከመስቀል ወዲህ ደጁን ካልረገጥክ፣ በስልክም ካልተገናኛችሁ፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ መባላቸውን ማን ነገረህ?»

ውጭ ባጃጅ ቆመ፤ ሳጅን ወልደተንሣኤ እያለከለከ ገባና በመሐረብ የጠቀለለውን ዘረጋ።

«ከገዛ ጊታሩ ላይ ፈታሁት። ፒክአፕ በባጃጅ ሲጫን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፣ ኢንስፔክተር።»

የሳቀ የለም። የማሩ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ሲያጨበጭቡልኝ ‹የዘርአ ዳዊት ድምፅ› ይላሉ!» ብሎ ኪዳነ ማርያም ፈነዳ። «የኔ ጣትስ? ለእርቅ ብዬ ነው የመጣሁት፤ እውነቴን ነው። ይህችን ጊታር ስጠኝ ስለው ‹ይህችንስ ራሴ እጫወታታለሁ› አለኝ። እየሳቀ አለኝ!» ሳጅኑ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ማልቀስ ጀመረ። ይኼኛው ልቅሶ ድንኳን ውስጥ ካለቀሰው ያነሰ ነበር፤ እውነተኛ ግን ነው።

መሪጌታ ፒክአፑን ተቀብለው አሸተቱት።

«የኔ ሰም ነው» አሉ። «ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ከምናቀልጠው እየቆረስኩ በሰው እልክለት ነበር። ፊት ነስቼው ስኖር ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም። የሚያደርሱለትን ‹ከወዳጅህ ነው በሉት› እላቸው ነበር።»

ቴዎፍሎስ አልታየችን በዓይኑ አስፈቅዶ ፒክአፑን ቦታው መለሰና ማጉያውን አበራ። ምንም አልተሰማም።

«አልሠራም?» አሉ መሪጌታ።

«በርቷል፣ አባባ» አለች ሔራን። «የሱ እንዲህ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ክር ነካ አደረጉ። ድምፁ ጠርቶ ወጣ፤ ረዘመ፤ በቀስታ ሞተ። እስኪያልቅ ጠበቁት።

«የፍትሐቱን ዝማሬ እኔ እመራለሁ» አሉ። «በልጅነቱ በግራ በኩል ቆሞ ይቀበለኝ የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ማን እንደሚቀበለኝ እንጃ።»

ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ልጃቸውን ወደ አንኮበር ሊወስዱ ወጡ።