ከውሃ በታች ያለው ፎቅ

ሳምራዊት ሪሞቱን ከጓደኛዋ ከኢክላስ እጅ ነጥቃ ቻናሉን ቀየረችው። መርከቡ ጠፋና ሁለት ሴቶች የሚፋጠጡበት የህንድ ድራማ መጣ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ኢክላስ። «ጥሩ ቦታ ላይ ደርሶ ነበር እኮ።»

«ሰለቸኝ።»

«አንቺን? መርከቡ?»

ኢክላስ ብትገረም አይፈረድባትም። ሳምራዊት በየቅዳሜው ከኪሊማኒ እስከ ፓርክላንድስ ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀይራ እየመጣች የእነ ኢክላስን ሶፋ የምትወርሰው ለዚሁ ፕሮግራም ስትል ነው። «ሌዲ ኦገስታ» በሚባል የመዝናኛ መርከብ ላይ የተቀረጸ ባለ ስድስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ነው። ሌሎች ፊልሞች ተሳፋሪዎቹንና የመዋኛ ገንዳውን ያሳያሉ፤ ይኼኛው ግን በሠራተኞቹ በር በኩል ነው የሚገባው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ካፒቴኑ ነበር፣ ሁለተኛው ስለ ወጥ ቤቱ፣ ሦስተኛው ስለ ዳንሰኞቹ። የሳምራዊት ታላቅ ወንድም ዮፍታሄ በዚያ መርከብ ላይ ከተቀጠረ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። እነ ኢክላስ ቤት ዲሽ ስላለ እሷ እያንዳንዱን ክፍል ቅዳሜ ታየዋለች፤ ዲሽ የሌለው የናይሮቢ ሕዝብ፣ እናቷን ጨምሮ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ በአገሩ ቻናል ያየዋል።

የዛሬው አራተኛው ክፍል ነበር። ካሜራው በጠባብ የብረት ደረጃ ወረደ፣ ወረደና ከውሃው መስመር በታች ያለ ፎቅ ላይ ቆመ። መስኮት የሚባል ነገር የለም። ብርቱካንማ ቱታ የለበሱ ወጣቶች ከላይ የሚወርደውን ቆሻሻ በእጃቸው ይለያሉ፤ ጠርሙሱን ለብቻ፣ ቆርቆሮውን ለብቻ፣ የምግብ ትርፍራፊውን ለብቻ። አንደኛው አፍንጫውን ሊያክ ማስኩን ዝቅ አደረገው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ሳምራዊት ጠባሳውን በደንብ ታውቀዋለች፤ አምስት ዓመቷ ሳለ በወረወረችው የድስት ክዳን የሠራችው ራሷ ናት። ደረቱ ላይ የተለጠፈው ባጅ «ረታ፣ ኬንያ» ይላል።

ረታ የአባታቸው ስም ነው።

«ቤት ልሂድ» ብላ ተነሳች። ኢክላስ እስከ በሩ ተከተለቻት።

«ሳምሪ፣ ያ ልጅ...»

«አይደለም።»

«ምንም አላልኩም እኮ» አለች ኢክላስ፣ ድምፅዋን ቀንሳ። ሳምራዊት ጫማዋን በወጉ እንኳ ሳታስር ወጣች።

እናቷ ወይዘሮ አያልነሽ ኪሊማኒ ውስጥ ምግብ ቤት አላት። ከባንኮኒው በላይ፣ ከገብርኤል ሥዕል አጠገብ፣ የዮፍታሄ ፎቶ ተሰቅሏል። ወርቃማ ቁልፍ ያለው ነጭ ዩኒፎርም ለብሶ በመርከቡ ሰፊ ደረጃ ላይ ቆሟል። እናቷ ፎቶውን ሳታሳይ የምታስተናግደው ደንበኛ የለም። «እንግዳ ተቀባይ ነው። ሰው መርከቡ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ልጅ ነው» ትላለች። ይኼ መጀመሪያ ላይ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የእንግዳ ተቀባዮች ኃላፊ ሆነ፤ በዚህ አያያዝ ለገና የካፒቴኑ ምክትል መሆኑ የማይቀር ነበር።

ዘጋቢ ፊልሙ ሲጀመር ደግሞ እሑድ እሑድ ምግብ ቤቱ ሲኒማ ቤት ሆነ። ጋሽ ተክሉ የሚባሉት የመኪና ዕቃ ነጋዴ ከፊት ያለውን ወንበር ይይዛሉ፤ በሰው መቀለድ የምግብ ያህል ነው የሚወዱት።

«አያልዬ፣ ሦስት ክፍል አየን» አሉ በማግስቱ እሑድ ሦስተኛው ክፍል ሲያልቅ፣ ጥርሳቸውን እየፋቁ። «ካፒቴኑን አወቅነው፣ ምግብ አብሳዩን አወቅነው፣ ዳንሰኞቹንም በስም አወቅን። ልጅሽስ የሌላ መርከብ እንግዳ ነው እንዴ የሚቀበለው?»

ሰው ሳቀ። እናቷም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። «አራተኛው ላይ ይወጣል» አለች። «ማንም እንዳይቀር። ምሳው በእኔ ነው።»

አሁን አራተኛው ክፍል ሰባት ቀን ቀርቶታል። ሳምራዊት ሰባቱን ቀን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ክፍል ውስጥ እስክሪብቶዋን እየፈታች ትገጥማለች። መምህሯ እንደ ልማዳቸው በአባቷ ስም «ረታ» ብለው ሲጠሯት ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች፤ ልጆቹ ሳቁባት። የሒሳብ ፈተናውን ከግማሽ በላይ ባዶውን መለሰችው።

ረቡዕ ሽንኩርት እየላጠች ነገሩን ልታነሳ ሞከረች።

«እማዬ፣ ዮፊ ግን ሌላ ሥራ ቢሠራስ? ማለቴ፣ እዚያው መርከቡ ላይ፣ ዝቅ ያለ ነገር።»

«ምን ዝቅ ያለ?»

«እንዲያው... ጽዳት ምናምን።»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አባታችሁ ነፍሱን ይማረውና፣ እናንተን እዚህ አገር ያስተማረው ጀርባው እስኪጎብጥ የሰው ጆንያ ተሸክሞ ነው። የእኔ ልጆች ከሰው በታች አይሆኑም ብሎ ነው የሞተው። ምን እያልሽ ነው?»

«ምንም» አለች ሳምራዊት። ዓይኗ የሚያነባው በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ ነገር እሷም አልለየችውም።

እናቷ ሁልጊዜም «አባታችሁ» ነው የምትለው። ከሞተበት ቀን ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስሙ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሌሎቹም ያንን አይተው ተውት። ስሙ በዚህ ቤት ውስጥ የቀረው በልጆቹ ደብተር ሽፋን ላይ ብቻ ነው።

ዮፍታሄ የሚደውለው መርከቡ ወደብ ሲይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ነው። በዚያ ዓርብ እናቷ ጓዳ ከእንጀራ ጋጋሪዋ ከሙሉሸዋ ጋር ሊጥ እያየች ስለነበር ስልኩን ሳምራዊት አነሳችው።

«ሳሳ ሳምሪ» አለ፣ በናይሮቢ ልጆች ሰላምታ፣ በሳቅ።

«አየሁህ» አለችው።

«የት?»

«አራተኛው ክፍል ላይ። እነ ኢክላስ ቤት። ብርቱካን ቱታ ለብሰህ።»

ከወዲያ የመርከብ ጥሩምባ ይሰማል።

«ማዜ፣ ወይኔ» አለ ዮፍታሄ። «ሲቀርጹን አውሮፓ ብቻ የሚታይ መስሎኝ ነበር። እማዬ አየችው?»

«እሑድ ታያለች። ሰው ጠርታለች። ጋሽ ተክሉንም ጭምር። ያ ነጭ ልብስስ የማን ነው?»

«የክሪስቶፈር። ፊሊፒኖ ነው፣ ሪሴፕሽን የሚሠራ። ለፎቶ ብሎ ለአምስት ደቂቃ አዋሰኝ።»

«ለምን ዋሸህ?»

«ልዋሽ ብዬ አልነበረም። እንግዶች አሉ፣ ከእንግዶች ጋር ነኝ አልኳት። የቀረውን እሷ ጨመረችበት። ድምፅዋ ደስ ሲለው ደግሞ ላርማት አቃተኝ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ።» ቀጥሎ፣ «የቴሌቪዥኑን አንቴና አሁንም አንቺ ነሽ የምታዞሪው?» አለ።

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ገባት።

«ስሚኝ። እኛ የምንታየው ለአምስት ደቂቃ ነው። ያ ክፍል ሲመጣ ትንሽ አዙሪው፣ ምስሉ ይበላሽ። ፊቴ ካልታየ ማንም አያውቀኝም። እዚህ ዮፍታሄ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ሞምባሳ ያለው ወኪል ፎርም ሲሞላ ስሜን ከአባዬ ስም ጋር አቀያየረው፤ በቃ ረታ ሆኜ ቀረሁ። የሚቀጥለው ወደብ ላይ ራሴ እነግራታለሁ። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ» አለች ሳምራዊት።

እናቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና ስልኩን ተቀበለች። «ልጄ» አለች፣ «ያ ነጭ ልብስ ቡና እንዳይፈስበት ተጠንቀቅ። እድፉ አይለቅም።»

እሑድ ነፋሻ ነበር። ከአሥር ሰዓት በፊት ምግብ ቤቱ ሞላ፤ ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙም ነበሩ። ቴሌቪዥኑ የተቀመጠው ከኋላ መስኮት ሥር ነው። አንቴናው ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ፣ ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ ብረት ጋር በታሰረ ረጅም ዘንግ ላይ ነው። ነፋስ በነፋ ቁጥር ሰው ወጥቶ ዘንጉን ማዞር አለበት፤ ይኼ ከድሮም የሳምራዊት ሥራ ነው። ከጓሮው በመስኮቱ በኩል የተመልካቾቹ ፊት ይታያታል እንጂ ምስሉ አይታያትም። የሰውን ፊት እያየች ፊልም መከተል ለምዳለች።

«ትንሽ ወደ ግራ» አሉ ጋሽ ተክሉ። «ተይው፣ ተይው። መጣ።»

ሙዚቃው ተጀመረ። እናቷ አዲስ ነጠላ ለብሳ መሀል ላይ ተቀምጣለች። ሳምራዊት ዘንጉን በአንድ እጇ ይዛ ትከሻዋን ከታንከሩ አስደገፈች። ወዲያው ደግሞ ከዚያ ተነስታ በሌላ እግሯ ቆመች። የተራኪው ድምፅ በመስኮቱ ይወጣል። ስለ ልብስ ማጠቢያው ተናገረ። ስለ ሞተሩ ተናገረ። ከዚያ «ከውሃው መስመር በታች» አለ።

ዘንጉን ሩብ ያህል ወደ ቀኝ ገፋችው።

«ሄደ» አለ አንዱ።

«ሳምሪ፣ ጠፍቷል» አለች ሙሉሸዋ።

«ነፋሱ ነው» ብላ መለሰች ሳምራዊት። ዘንጉን የምታስተካክል መስላ ትንቀሳቀሳለች፤ ግን ከያዘችበት አላነቃነቀችውም። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። በልቧ መቁጠር ጀመረች።

ምስሉ ቢበላሽም ድምፁ አልጠፋም። ያንን እሷም ወንድሟም አላሰቡበትም። የጠርሙስ ኳኳታ ተሰማ፣ ቀጥሎ የአንድ አለቃ ሻካራ ድምፅ።

«ረታ! ረታ!»

ሳምራዊት መቁጠሯን ረሳች። በመስኮቱ ውስጥ የእናቷ ፊት ቀጥ ብሎ ቀረ። የስሙ አጠራር ጠማማ ነበር፤ ቢሆንም ስሙ ስም ነው፣ ስድስት ዓመት በዚያ ቤት ውስጥ ያልተጠራ ስም። ጋሽ ተክሉ ስንጥራቸውን ከአፋቸው አወጡ።

ዮፍታሄ ሁሉን ነገር አስቦ ነበር። ፊቱን አስቧል፣ ባጁን አስቧል። ያ ስም ግን ለእሱ ጆሮ የየዕለቱ የሥራ ጥሪ ሆኖ ስለቀረ፣ እናቱ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ማሰብ ረስቷል።

«ረታ ስምህ ነው?» አለች አንዲት ጠያቂ በእንግሊዝኛ።

«የአባቴ ነው» አለ የዮፍታሄ ድምፅ። ሳምራዊት ይኼን ክፍል አልሰማችውም ነበር፤ ቅዳሜ ቻናሉን ቀይራዋለች። «የእኔ ስም ሌላ ነው። ወረቀት ላይ ተሳስተው ነው። ላስተካክለው ብዬ ነበር፣ ኋላ ተውኩት። እሱ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ስሙን መጥራት አትችልም። እዚህ ግን በቀን መቶ ጊዜ ይጠራል። ሲጠሩት አቤት እላለሁ።»

«ምን አለ?» አለች እንግሊዝኛ የማትሰማው ሙሉሸዋ።

እናቷ ከወንበሯ ተነሳች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደ ክንዷ ወረደ፤ አላነሳችውም። በሰዎቹ ጉልበት መሀል አልፋ ቴሌቪዥኑ ጋ ደረሰች፤ ምስሉ የተበላሸበት ስክሪን ፊት ቆማ በመስኮቱ ሳምራዊትን አየቻት። ሁለቱ መሀል የቀረው መስታወቱና የቴሌቪዥኑ ጀርባ ብቻ ነው። ሳምራዊት እናቷ እጇን እያየች እንደሆነ ገባት። ዘንጉ ላይ ያለውን እጇን።

«ሳምሪ» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ። «መልሺው።»

ቃል ገብታለች። ከአምስቱ ደቂቃ ሁለቱ ቢቀር ነው። ነፋሱ ነው ብትል የሚከራከራት የለም፤ ወንድሟም ራሱ እነግራታለሁ ብሏል። ግን ደግሞ ዛሬ ነገ ሲል ዓመት ያለፈበት እሱው ነው። እናቷ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጠብቃለች።

ሳምራዊት ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግራ አዞረችው። እናቷ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

የቴሌቪዥኑ ብርሃን ፊቷ ላይ ብርቱካን ሆነ። አፏን በነጠላው ጫፍ ሸፈነችው። ቤቱ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ጋሽ ተክሉ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ከስቷል» አለች እናቷ።

ነፋሱ እንደገና ተነሳ፤ ዘንጉ በመዳፏ ውስጥ ሊዞር ታገለ። ሳምራዊት ጉልበቷን ከታንከሩ ብረት ጋር አጣብቃ አጥብቃ ያዘችው። ክንዷ መዛል ጀምሯል። ወንድሟ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ገና እያወራ ስለነበር አለቀቀችውም።