ላዩ እንዴት ነው?

ጠጋ በሉ። ከበሩ ጋ ያለኸውም ግባ። ዛሬ ጨረቃ የለም፤ ያን ምሽትም አልነበረም።

እናንተ እንግዶች፣ ዳር ዳሯን ይዛችሁ የመጣችሁባትን ጅረት ልንገራችሁ። ከተራራው ጫፍ ከድንጋይ ሥር ትፈልቃለች፤ እዚያ ጥጃ ይዘላታል። ከዚያ ጠባቡ ገደል ውስጥ ትገባለች፣ ትጠማዘዛለች፣ ትወርዳለች። ከገደሉ ስትወጣ አሸዋው ይጠጣታል። ባሕሩ ፊት ለፊቷ እያለ አትደርስበትም። መቼ ነው የምትደርሰው? ላይ ሲዘንብ። ያን ጊዜ ያገኘችውን ሁሉ ይዛ ነው የምትደርሰው።

ከባሕር ወደ ተራራው ከገደሉ ሌላ መንገድ የለም። ገደሉ ውስጥ ደግሞ ሰማይ አይታይም። ስለዚህ ከባሕር የሚመለስ ሰው ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ «ላዩ እንዴት ነው?» ብሎ ይጣራል። አፋፉ ላይ ያለ ሰው ሰማዩን አይቶ «ጠርቷል፣ እለፍ» ወይም «ጠቁሯል፣ ቁም» ይለዋል። እናንተም ዛሬ ጠይቃችሁ ነው የገባችሁት። ጎሽ።

ድሮ አፋፉ ላይ ተድላ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። አባቱ የምንጯን ዳር መሬት ለታላቅ ወንድሙ ለማሩ አወረሰ። ይህ ተድላን አንገበገበው፤ እንቅልፍ ነሳው። አንድ ምሽት ማሩ ጨው ተሸክሞ ከባሕር ሲመለስ ገደሉ አፍ ላይ ቆመ።

«ተድላ፣ ላዩ እንዴት ነው?»

ተድላ ቀና አለ። ተራራው ጠቁሯል፣ መብረቁ ይታያል። ምን ያለው ይመስላችኋል?

«ጠርቷል ወንድም ጋሼ፣ እለፍ።»

ከዚያ ቁጭ ብሎ እራቱን በላ። ማሩን ጅረቷ ባሕር አደረሰችው። የማሩ ልጆች እያሉ መሬቱን ተድላ አረሰው።

ዓመት አልፎ ተድላ ራሱ ጨው ሊያመጣ ወረደ። አፋፉ ላይ ሎሌውን ተወ። ሲመለስ መሸበትና ገደሉ አፍ ላይ ተጣራ።

«ጠርቷል፣ እለፍ» የሚል ድምፅ ከሩቅ መጣ። ሎሌው መሰለው፤ ገባ።

ትንሽ እንደ ሄደ፣ ማንም ሳይጠይቅ ድምፁ ደገመ። «ጠርቷል፣ እለፍ።» አሁን ከአፋፉ አይደለም፤ ከፊቱ ካለው ጥምዝ ነው። ተድላ ቆመ። የጅረቷን ዳር አሸዋ በእጁ ዳሰሰ። በደረቁ አሸዋ ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አለ፤ ከባሕር ወደ ላይ ይሄዳል። ግንባሩ ላይ ጠብ ያለበትን ቀመሰው። እንደ ባሕር ውሃ ጨው ጨው ይላል።

ተንበረከከ። «ወንድም ጋሼ፣ መሬቱን ለልጆችህ እመልሳለሁ። ብቻ እውነቱን ንገረኝ፣ ላዩ እንዴት ነው?»

ድምፁ ጆሮው ሥር መጣ።

«ከዚህ ሆኜ ሰማይ መች ይታየኛል? አንተ ያልከኝን ነው ያልኩህ።»

ከዚያ ውሃው መጣ።

ሎሌው ያን ምሽት «ጠቁሯል፣ ቁም» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲጮህ ነበር። ተድላ አልሰማውም። በማግስቱ ሎሌው ቤቱን ጥሎ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ አፋፉ ላይ ሰው ኖሮ አያውቅም።

እንግዶች፣ ዛሬ «እለፉ» ያላችሁ ማን ነው?