ሁለተኛው ጥይት

ደርሶ አዲሱን ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ቦታው እስራኤል ውስጥ ከአሽቀሎን ከተማ ወጣ ብሎ ከሐብሐብ እርሻ ዳር ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ገበሬዎቹ የቀጠሩት ሐብሐቡን የሚያበላሹትን የዱር አሳማዎች እንዲያድንላቸው ነበር፤ ቤተ እስራኤል ስለሆነ የገደለውን አሳማ በእጁ የማይነካ አዳኝ። መርማሪ የሺእመቤት ስትደርስ በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ስለ ሙቀቱ ያወሩ ነበር።

«አደጋ ነው» አለ አንደኛው። «ሲወለውለው ባርቆበት ደረቱን መታው።»

የሺእመቤት ሟቹን ታውቀዋለች። ለእህቷ ሠርግ ድንኳን የተከለ ሰው ነው። ቢሆንም ምንም አልተሰማትም። ከብዙ ዓመት ወዲህ ሬሳ ፊት ምንም አይሰማትም፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም። ጓንቷን አጥልቃ ጎንበስ አለች።

ጠመንጃው የአደን ነው፤ እንደ ወታደር መሣሪያ ራሱን በራሱ አያጎርስም። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ መዝጊያውን በእጅ ወደ ኋላ ካልሳቡት፣ ባዶው ቀለሃ እዚያው ውስጡ ይቀመጣል። ስበው መልሰው ሲገፉት ቀለሃው ይወጣና ሌላ ጥይት ይጎርሳል። የሺእመቤት መዝጊያውን በቀስታ ሳበችው። የወጣው ያልተተኮሰ ጥይት ነበር። ወለሉን በሙሉ ፈተሹት፤ ባዶው ቀለሃ የለም።

«ደረቱን የተመታ ሰው ተነሥቶ ጠመንጃ አያጎርስም» አለች። «የተኮሰው ሌላ ሰው ነው።»

አለቃዋ ይህን በስልክ ሲሰማ ቸኮለ። ያን ቀን ጠዋት ደርሶ ዘንድ የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ጠመንጃውን የሸጠለት ኡሪኤል፣ የልጁ ባል ዮአቭ፣ የሚስቱ ወንድም ክንዴ። ሦስቱም ኢላማ ላይ እየተኮሱ ሞክረውታል፤ ስለዚህ አሻራውም ባሩዱም የሦስቱም ነው። ከተለያዩ በኋላ ማን ተመልሶ እንደመጣ ያየ የለም። ከደርሶ ጋር ሲጯጯህ የተሰማው ግን ዮአቭ ብቻ ስለሆነ አለቃዋ እሱን አስያዘው። እውነቱን ያወጣል የተባለው ግኝት ዮአቭን ወኅኒ አስገባው።

አሽቀሎን፣ ሺምሾን በሚባለው ሰፈር፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ፣ የደርሶ ሚስት እቴነሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ሺሪ ከጎኗ ናት፤ ወሯ ገብቷል።

«ዮአቭ አባቴን አልገደለም» አለች ሺሪ። «ታኽሌስ፣ በግልጽ ልንገርሽ፣ እኔ ዛሬ ነገ እወልዳለሁ። ልጄ አባቱን እስር ቤት ሄዶ ሊተዋወቀው ነው?»

«ለቅሶው እስኪያበቃ ጊዜ አለኝ» አለች የሺእመቤት። «ከዚያ በኋላ ክስ ይመሠርቱበታል።»

እቴነሽ ቀና ብላ አየቻት። «ዕንባ አልመጣልኝ አለ፣ የኔ ልጅ። ሰዉ ሲያለቅስልኝ አያለሁ፤ እኔ ግን የለሁበትም። ወንድሜ ክንዴ ባይኖር ምን እሆን ነበር? ከአርማጭሆ ጀምሮ ከደርሶ ጋር አብረው ነው ያደኑት። አሁንም ወንበር የሚደረድረው፣ ሰው የሚቀበለው እሱ ነው።»

ክንዴ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። የሺእመቤት አጠገቡ እስክትደርስ ዝም ብሎ አየ፤ «ጋሼ ክንዴ» ስትለው ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ።

«የሺ ነሽ? እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። ያን ቀን ሲለያዩ ጋሼ ደርሶ ስለ ምን ያወሩ ነበር?»

«ስለ ጠመንጃው ነዋ። እንደ ሙሽራ ነበር የሚያየው።»

«እርስዎስ ወደዱት?»

ክንዴ ትከሻውን በእጁ ነካ። «ጥሩ ነው» አለ። «ለወጣት ትከሻ።»

ኡሪኤልን ያገኘችው ሱቁ ውስጥ ነው። ገና እንደተቀመጠች ወሬውን ጀመረላት።

«ሰው ሁሉ የሚጮኸውን ነው የሚመርጠው። ጋሼ ደርሶ ግን አደከሙኝ፤ ቤሴደር፣ እሺ፣ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ቻልኩ። በርሜሉ እንጨቱን እንዳይነካ ብለው በመሐል ወረቀት አሳለፉ። ምላጩ እጅ ሳያንቀጠቅጥ እንዲለቅ ደጋግመው ሞከሩት። ከዚያ መዝጊያውን ከፍተው ዘጉት፣ ከፍተው ዘጉት። ሁልጊዜ እኩል የማይዘጋ ጠመንጃ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይመታም አሉኝ።»

«ልክ ናቸው?»

«ልክ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሰደፉ ለእርስዎ ይረዝማል፣ ላሳጥረው አልኳቸው። እንደዚሁ ተወው አሉ።»

ዮአቭ እስር ቤቱ ውስጥ ረጃጅም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። ከገባ ጀምሮ እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በጠመንጃው። ጻቫ ውስጥ ወታደር ሆኜ እንደያዝኩት ያለ፣ ራሱን የሚያጎርስ ይግዙ አልኳቸው። አንድ የሚመታ ከሃያ የሚጮህ ይበልጣል አሉኝ። ጮህኩባቸው፣ ሄድኩ። በቃ።»

«ለማን ነው የገዙት?»

«ለራሳቸው ነዋ። ለማን ይገዛሉ?»

የለቅሶው ሰባት ቀን ባለቀ ማግስት የሺእመቤት ሁሉንም እርሻው ዳር ሰበሰበቻቸው። እቴነሽና ሺሪ የቆርቆሮዋን ክፍል ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ዮአቭን ከነካቴናው አመጡትና ካቴናውን ፈቱለት። ከሦስቱ ሰዎች ኋላ ሁለት ፖሊሶች እጃቸውን ሽጉጣቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። አለቃዋ ይህን ቢያይ ኖሮ ራሷን አብሮ ያስራት ነበር።

«በዚህ ጠመንጃ እያንዳንዳችሁ አንዴ ብቻ ኢላማው ላይ ትተኩሳላችሁ» አለች። «ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ዮአቭ ቀደመ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ተኮሰ፤ ኢላማውን መታና እንዳለ አስቀመጠው። የሺእመቤት መዝጊያውን ስትስበው ባዶው ቀለሃ ከውስጥ ወጣ።

ኡሪኤል ተኮሰ። ወዲያው መዝጊያውን ከፈተ፣ የቀሩትን ጥይቶች አወጣ፣ ጠመንጃውን ክፍት እንደሆነ አስቀመጠው። ፖሊሱ ጥይቶቹን መልሶ ሞልቶ ለክንዴ ሰጠው።

ክንዴ ሰደፉ ረዝሞበት አንገቱን አስግጎ ተኮሰ። ጥይቱ ከኢላማው ብዙ ርቆ አፈር ላይ አረፈ። እጁ ግን አልቆመም። መዝጊያውን ስቦ የወጣውን ቀለሃ አየር ላይ ቀለበ፣ ኪሱ ከተተው፣ መዝጊያውንም ገፍቶ ሁለተኛ ጥይት አጎረሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይኑ ወደ እጁ አልዞረም። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ፖሊሱ ቀስ ብሎ ወሰደው።

«ጋሼ ክንዴ» አለች የሺእመቤት፣ «ኪስዎ ውስጥ ምን አለ?»

ክንዴ ኪሱን ዳሰሰ። ቀለሃውን አውጥቶ በጣቶቹ አገላበጠው።

«ዮአቭ ወታደር ነው» አለች። «የእሱ መሣሪያ ራሱን ስለሚያጎርስ ከተኮሰ በኋላ እጁ ሥራ የለውም። እሱ ቢሆን ኖሮ ባዶው ቀለሃ ጠመንጃው ውስጥ ይገኝ ነበር። ኡሪኤል ነጋዴ ነው፤ የጎረሰ ጠመንጃ ማስቀመጥ አይችልም። እሱ ቢሆን መዝጊያው ተከፍቶ እናገኘው ነበር። እኛ ያገኘነው ዳግመኛ የጎረሰ ጠመንጃ ነው፤ ቀለሃውም የለም። አርማጭሆ ቀለሃ አይጣልም፣ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። የቆሰለ አውሬ ይነሣል ተብሎም ጠመንጃው ወዲያው ይጎርሳል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ?»

«ለምን?» አለች ሺሪ። «አጎቴ ለምን?»

«ጠመንጃው ለአባትሽ ትከሻ ይረዝማል። የተመረጠው ለዮአቭ ነው። ጋሼ ክንዴ ይህን ያውቃሉ፤ ለወጣት ትከሻ ጥሩ ነው ብለው ደረጃው ላይ ነግረውኛል።»

ዮአቭ ጠመንጃውን አየ።

«ተቀምጦ ነበር» አለ ክንዴ። ድምፁ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚያወራ ይመስላል። «ጠመንጃው እኔ እጅ ነበር። ዓይንህ ሄዷል፣ ሰው ሳትገድል ሪሻዮንህን፣ የመሣሪያ ፈቃድህን፣ መልስላቸው፣ ከእንግዲህ የምወጣው ከዮአቭ ጋር ነው አለኝ። እውነቱን ነበር። ፊቱን እንኳ አጥርቼ አላየሁትም። ደረቱ ግን ቅርብ ነበር። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሜለት ሄድኩ።»

«ቀለሃውስ?»

«ልብሴን ስቀይር ኪሴ ውስጥ አገኘሁት። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።»

«ዮአቭ ሲታሰርስ?»

«ዝም አልኩ። ወንበር መደርደር ነበረብኝ።»

ፖሊሶቹ ከዮአቭ የፈቱትን ካቴና ለክንዴ አጠለቁለት። ሺሪ ባሏ ክንድ ላይ ተንጠልጥላ አለቀሰች። እቴነሽ ከግድግዳው ርቃ መጥታ ወንድሟ ፊት ቆመች፤ እሱም እስትንፋሷ እስኪሰማው ድረስ ማን እንደሆነች አላወቀም። ነጠላውን ትከሻው ላይ አስተካከለችለትና ወደ የሺእመቤት ዞረች።

«ለሞተው ሰባት ቀን ተቀመጥኩ» አለች። «ለዚህኛውስ ስንት ቀን ነው የሚቀመጡት?»

እቴነሽ መልስ ሳትጠብቅ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች።