ከብልቃጡ የጠፋው

ሄልካ የተገኘችው በእንፋሎት መታጠቢያቸው፣ በሳውናው፣ መልበሻ ክፍል ወለል ላይ ነው፤ ፎጣዋን እንደለበሰች ሞታ ቀዝቅዛለች። ቁስልም የትግል ምልክትም አልነበረም። ከቀብሩ ወዲህ ባሏ ኦይቫ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናውን ያነዳል። እሱ ከወጣ በኋላ ማንም ሳይኖር የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል ይላል። የሐይቃችን ዳር ሰው በዚህ አይስቅም፤ እኔም አልስቅም።

መርማሪ ኬርቱ የአስከሬኑ ምርመራ ውጤት ሲደርሳት መጣችና ከኦይቫ ጀመረች።

«ጋሼ ኦይቫ፣ ፊቷ ያበጠው እንክብሉን ከመጀመሯ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በኋላ ነዋ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ‹የጭንቀት ሆርሞኔ፣ ኮርቲዞሌ ጨምሯል› አለች፤ ከኢንተርኔት ያገኘችው ነው። ቅጠል ሻጩ ቬይኮ ኮርቲዞል ማውረጃ የቅጠል እንክብል ሸጠላት። ከዚያ ፊቷ ድቡልቡል አለ፣ ክንዷ ቀጠነ፣ በነካኋት ቁጥር ቆዳዋ ይበልዛል። ቬይኮ ‹በሽታው እየወጣ ነው፣ ጨምሪ› አላት።»

«መጨረሻ ላይስ?»

«ያስመልሳታል፣ ያዞራታል። እብጠቱ ግን ጎደለ። እኛማ ዳነች ብለን ነበር!»

ጡረታ የወጣችው መምህርት፣ የሄልካ እህት ሲርካ ስትጠየቅ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። «ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብዬ ተንበርክኬ ለምኛታለሁ። ‹ሐኪም ቢላ ስሎ ነው የሚጠብቀኝ› አለችኝ።»

ቬይኮ ግን አፉ አያርፍም። «የኔ ቅጠል ሰው አይገድልም፣ እመቤቴ! ‹አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ፣ ትወድቂያለሽ› ብያታለሁ። ምን ላድርግ፣ ሳትሰማኝ ቀርታ ይሆናል።»

ኬርቱ የተናገረውን ቃል በቃል ጻፈች።

በማግስቱ ሦስቱንም በሟቿ ማዕድ ቤት ሰበሰበቻቸው። የሄልካ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሊቀመጥበት የደፈረ የለም። ኬርቱ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የእንክብል ብልቃጦች አስቀመጠች።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለች። «ኮርቲዞልን የሚሠሩት ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች ናቸው። የሄልካ ዕጢዎች ሟሽሸው ተገኙ። ዕጢ የሚሟሽሸው ሥራ ሲፈታ ነው። ታዲያ ያን ያህል ያሳበጣት ነገር ከየት መጣ? ከውጭ። ይሄኛው ብልቃጥ ገና አልተከፈተም፤ ከቅጠሉ ጋር የኮርቲዞልን ሥራ የሚሠራ ጠንካራ መድኃኒት አለበት። ሲጀምሩት ብርታት ይሰጣል፣ ደንበኛም ያበዛል። የራሷ ዕጢዎች ግን አንቀላፉ።»

«ሁለተኛውስ?» አለ ኦይቫ።

«ስትውጠው የነበረው ይሄ ነው። አጃ ዱቄት ብቻ! አንድ ሰው እንክብሎቹን ባዶ አድርጎ ሞልቷቸዋል። የውጭው በድንገት ቀረ፣ የውስጡም አልነቃ፤ ሰውነቷ ያለ ኮርቲዞል ቀረ። የሳውናው ሙቀት ጨረሳት።»

«እኔ እንደመጣልኝ ነው የሸጥኩት!» ጮኸ ቬይኮ። «ውስጡ ምን እንዳለ በምን አውቄ?»

«አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፣ ቬይኮ። ቅጠል ያቋረጠ ሰው አይወድቅም። የሚወድቀው ያንን መድኃኒት ያቋረጠ ነው። ካላወቅህ ‹ትወድቂያለሽ› ማለቱን ከየት አመጣኸው?»

ቬይኮ ወደ በሩ አየ።

«ዱቄቱን የሞላሁት እኔ ነኝ» አለች ሲርካ ሳትጠየቅ። «ምንም ለውጥ ካላየች ‹ይኸው፣ ዱቄት ነበር የምትውጪው› ብዬ ስቄባት፣ እጇን ይዤ ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ነበር። እህቴን ገደልኳት?»

«መድኃኒቱን የደበቀው እሱ ነው፤ ሕግ የሚይዘውም እሱን ነው። ሐኪም ቢያያት ኖሮ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስተዋት ነበር። አንቺ ይሄን ልታውቂ አትችይም ነበር። ከዚህ በላይ ያለውን ግን ሲርካ፣ እኔ ልመልስልሽ አልችልም።»

ኦይቫ ፊቱን ወደ ሲርካ አዞረ።

«እንክብሎቹን ዱቄት ስትሞዪ አይቼሻለሁ» አላት። «ጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። ልክ ነሽ ብዬ ዝም አልኩ፤ በእህትማማች መካከል ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እንክብሉን ከውሃ ጋር በእጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ‹ዛሬስ ፊቴ ቀለል አለኝ፣ ኦይቫ› ትለኝ ነበር።»