የዘንዶው በርና የሁለት ዙፋኖች ቅናት

በዘርማ ሰማይ ፀሐይ በቀትር ደም ስትመስል፣ አዋቂዎች «ብረት የሌለው አገር ይበላል» ብለው ተነበዩ። አልቆየም፤ የጨው ጅቦች ከበረሃው ወጥተው ከብቱን ከነበረቱ፣ ሰውን ከነጎጆው ይውጡ ጀመር። ዘርማም ሆነች ጎረቤቷ ጎልዳ አንድ ጦር እንኳ አልነበራቸውም። ባሕር ማዶኞች ብረት የሚወጣበትን ብቸኛ ተራራ በዘንዶ ዘግተው፣ «ለሁለታችሁም የከለከልነው እንዳትፋጁ ብለን ነው» ይሉ ነበር።

የዘርማውን ንጉሥ መርዕድን ግን ከጅቡ ይልቅ የሚያንገበግበው የእኅቱ፣ የጎልዳዋ ንግሥት የኩሪ ነገር ነበር።

«የባሕር ማዶው መልእክተኛ እሷ ዘንድ ሰነበተ፤ እኔ ዘንድ ምሳውን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ! በስውር ብረት ሳይሰጣት ይቀራል?»

«አባባ፣ አክስቴም ስለ አንተ ይህንኑ ነው የምትለው» አለ ልጁ ይርዳው። «በዘውድህ እምላለሁ! ብረቱን ሳላስለቅቅ አልመለስም።»

ያን ለጋ ልጅ በዚያ የተራራ ውርጭ መላክ ምን የሚሉት ንግሥና ነው! ደግሞ ስንቁም አልበቃው። የኩሪ ልጅ ትርንጎም አብራው ወጣች፤ ለፍቅር እንዳይመስላችሁ፣ እናቷ «ብረቱን ቀድሞሽ እንዳይነካው» ብላ ነው የላከቻት።

«ቀስ በል የንጉሥ ልጅ፣ ጫማህ እንዳይቆሽሽ!»

«አንቺስ፣ ጥላ ያዥ አልላኩልሽም?»

እንዲህ እየተነቋቆሩ ወጡ። ገደሉ ላይ ስትንሸራተት ግን እጇን ያዘ፤ ብርዱ ሲጠና ጋቢዋን አካፈለችው።

ዘንዶው በሩ ላይ ራሱን ቀና አደረገ።

«ያስቀመጡኝ ባሕር ማዶኞች ናቸው፤ ያሰሩኝ ግን የእናንተው ነገሥታት ናቸው። መርዕድ ‹ለኩሪ ከምትሰጡ ለእኔም ይቅርብኝ› ብሎ በፊቴ ማለ። ኩሪም እንዲሁ ማለች። መሐላው የሚፈታው ከሁለቱ ወገን አንዱ ‹ለዚያኛው ይሁን› ብሎ እሳቴ ውስጥ ሲገባ ነው።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ የእናቷ ትእዛዝ ትዝ ሲላት ግን ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ለጎልዳ ይሁን!» አለ ይርዳው። «ትርንጎዬ፣ ለአባቴ ሰዎችም አካፍያቸው፤ ጅብ ድንበር አያውቅም።»

ገባ፤ አልወጣም።

ዘንዶው አመድ ሆነ፤ ተራራው ተከፈተ። ኩሪ «መጀመሪያ ለእኛ!» ብትልም ትርንጎ አልሰማቻትም፤ ብረቱን ለሁለቱም አገር አንጥረኞች እኩል አደለች። በአዲሱ ጦር የጨው ጅቦች ተደመሰሱ።

በድሉ ማግስት ሁለቱ ነገሥታት ጎን ለጎን በተቀመጡበት የባሕር ማዶው መልእክተኛ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«በማን ፈቃድ ታጠቃችሁ?»

መርዕድ ሊመልስ ተነሣ፤ «ልጄ...» ብሎ ዙፋኑን ተደገፈ። ኩሪ ከዙፋኗ ወርዳ ወንድሟን ደገፈችው።

ትርንጎ ወደ ተራራው አመለከተች።

«የፈቀደልን እዚያ ቀርቷል። ሂድና እሱን ጠይቀው።»