ዘጠኙ ከመቶ የት ገባ?

የምሳ ደወል ሲደወል ጋሽ ማንኪያ እንደ ወትሮው ከጣሪያው ሐዲድ እየተንሸራተተ ወረደ። ስድስት ክንድ አለው። በአራቱ ትሪ ይይዛል፣ በአምስተኛው የልጆች አፍንጫ የሚጠርግበት ሶፍት፤ ስድስተኛው ሁልጊዜ ባዶ ነው። በመዝገብ ላይ ስሙ «አቅራቢ አራት» ይባላል። በዋቤ ከተማ የአራተኛው እርከን ትምህርት ቤት ልጆች ግን በመዝገብ ስሙ የሚጠሩት ነገር የላቸውምና ጋሽ ማንኪያ ብለውታል። ስልሳዎቹ ልጆች እጃቸውን ታጥበው በየገበታቸው ተቀመጡ፤ እሱም ጎመኑን፣ ምስሩንና አይቡን ከትኩስ እንጀራ ጋር እያደለ ይዞር ጀመር።

እታገኝ ልጆቹንም ጋሽ ማንኪያንም አታይም። ከአዳራሹ በላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጣ የምታየው ግድግዳው ላይ የሚቀያየረውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚመጣው ከሆድ ቆጣሪው ነው። ሆድ ቆጣሪ ማለት በልጁ ክንድ ላይ እንደ አምባር የሚታሰር፣ ከቀረበለት ምግብ ስንቱ በእርግጥ ሆዱ እንደ ገባ ከጉሮሮውና ከደሙ የሚያነብ መሣሪያ ነው። እታገኝም ለማመሳከሪያ አንዱን በራሷ ክንድ አስራለች። ልጆቹ በልተው ሲነሱ ቁጥሩ ቆመ። ዘጠና አንድ ከመቶ። ትናንትም ዘጠና አንድ ነበር፤ ያለፈው ሳምንትም እንዲሁ።

ዘጠና አንድ ማለት ሽንፈት ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ለስድስት ዓመት የከተማዋ ተማሪዎች ምሳቸው «ቱቦ ቀለብ» ነበር፤ ምሉዕ ቀለብ የተባለ ድርጅት የሚያመርተው፣ ከጥርስ ሳሙና ቱቦ በማይለይ ዕቃ የሚመጣ ጣፋጭ ዝልግልግ ምግብ። ይጠባል፣ ያልቃል፣ ቱቦው ይጣላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የእታገኝ ልጅ ሀሴት በስምንት ዓመቷ ጉበቷ ላይ ስብ ተገኘባት፤ ሐኪሙም እንዲህ ያለ ጉበት የሚያውቀው በሃምሳ ዓመት ሰው እንደሆነ ነገራት። እታገኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቤቱ እያንኳኳች ፊርማ ለቀመች፣ ከምክር ቤቱ ደጃፍ አልጠፋም አለች፣ በመጨረሻ ለአንድ ትምህርት ቤት የአርባ ቀን ሙከራ ተፈቀደላት። የድርጅቱ ሰዎች ግን «ልጆች ጎመን ይጥላሉ፤ ከቱቦ የሚጣል የለም» ብለው ተከራከሩና አንድ ደንብ አስገቡ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከቀረበው ምግብ ዘጠና አምስት ከመቶው ልጆቹ ሆድ ካልገባ ቱቦው ይመለሳል።

ሦስቱ ቀናት ነገ ይጀምራሉ።

ቆሻሻ መጣያዎቹ ባዶ ናቸው። እራሷ ገልብጣ አይታቸዋለች። ሳህኖቹ እንደ ተላሱ ሆነው ይመለሳሉ። ታዲያ ዘጠኙ ከመቶ የት ገባ? ከወጥ ቤት ተመዝኖ ይወጣል፣ ከሳህን ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ የውሃ ሽታ ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤ እታገኝም መመንጠር አትፈልግምና ሁሉንም ጠረጠረች። ሆድ ቆጣሪዎቹን ጠርጥራ አስመረመረች፤ ደህና ናቸው። የወላጅ ኮሚቴውን ጸሐፊ ጠርጥራ ሰላምታ ነፈገቻት። ከሁሉ በላይ ግን የጠረጠረችው ጥገና ሠራተኛውን አቶ ዋሲሁንን ነው። ዋሲሁን ከአምስት ዓመት በፊት በምሉዕ ቀለብ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሰውየው ትሑት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሻይ ያቀርብላታል፤ እሷ ደግሞ ትሕትናውን ስለጠረጠረችው ሻዩን አመስግና ትቀበልና አበባው ሥር ታፈሰዋለች። አበባው እስካሁን አልደረቀም፤ ይህም ቢሆን አላጽናናትም።

የባሰው ደግሞ ሀሴት መለወጧ ነው። ሙከራው በተጀመረ ሰሞን ስለ ምሳው አውርታ አትጠግብም ነበር። ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ግን «ሁሉንም በላሽ?» ስትባል «በላሁ» ትልና አንገቷን ትደፋለች። አንድ ሰው አፏን እንዳዘጋት እታገኝ አልተጠራጠረችም። ማን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቀችው።

የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ ቁጥሩን ትታ ማሽኑን ተከተለችው። ጋሽ ማንኪያ ሳህኖቹን ለማጠቢያው ካስረከበ በኋላ ወደ ማደሪያው አልሄደም። በጓሮ በኩል ዞሮ የድሮው የቱቦ መጋዘን በር ላይ ቆመ። ዋሲሁን ግራ ቀኙን አይቶ በቁልፍ ከፈተለት፤ ማሽኑ ገባ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ወጣ። መጋዘኑ ቱቦ ከቀረ ወዲህ ባዶ ነው ተብሎ የተመዘገበ ነው። እታገኝ ከግንብ ጥግ ተደብቃ ይህን ሁሉ አየች። ያዝኩህ አለች በሆዷ።

ማሽኑ እንደ ራቀ ከተደበቀችበት ወጥታ ቁልፉን ጠየቀችው። ዋሲሁን ደነገጠ፤ ቁልፉን ግን አልሰጣትም።

«ቃል ስለገባሁ ነው ወይዘሮ እታገኝ» አላት። «ለልጆቹ።»

«ልጆቹ እዚህ መጋዘን ውስጥ ምን አላቸው?»

ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ይህንንም እንደ ኑዛዜ ቆጠረችው። ወዲያው የምክር ቤቱን ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘይነባን በመስመር ጠርታ በነገው ምሳ ሰዓት አዳራሹ ድረስ እንዲመጡ፣ የድርጅቱንም ሰው ይዘው እንዲመጡ፣ የሚያዩት ነገር እንዳለ ነገረቻቸው። ይህን ሲሰማ ዋሲሁን ቁልፉን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠውና ራሱን እየነቀነቀ በሩ ላይ ቀረ።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከወለል እስከ ጣሪያ ድሮ ቱቦ ይደረደርባቸው የነበሩ መደርደሪያዎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የምግብ ናሙና የሚያዝባቸው አፈ ሰፊ ብልቃጦች ተሰልፈዋል። ሺህ በሺህ ናቸው። አንዱን አነሳች። በውስጡ በእንጀራ የተጠቀለለ፣ የልጅ ጣት ምልክት ያለበት፣ በበረዶ የደረቀ ቁራሽ አለ። ብልቃጡ ላይ «ኢማን ጅብሪል፣ አሥራ አራተኛ ቀን» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ አነሳች። «ሚካ ዘርዓይ፣ ሠላሳኛ ቀን።»

የድርጅቱ ሰዎች ልጆቹ የነኩትን ምግብ በስም በስማቸው እየሰበሰቡ ነው። ላባቸውን፣ ምራቃቸውን ያጠናሉ፤ ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚጎድላቸው አውቀው ነገ ይበልጥ የሚያጣብቅ ቱቦ ይሠሩላቸዋል። ለዚህ ነው ቁጥሩ የጎደለው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ቁጣዋ አፏ ላይ ደርሶ ወደ በሩ ልትዞር ስትል አንድ ነገር ያዛት።

ብልቃጦቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ከኢማን አጠገብ ሌላ ኢማን፣ ከሚካ አጠገብ ሌላ ሚካ፤ ቀኑም አንድ ነው። ናሙና የሚወስድ ሰው አንድ ይበቃዋል። ከእያንዳንዱ ልጅ፣ በየቀኑ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሁለት የሚወስድ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ጋሽ ማንኪያን አስጠራችው። መጥቶ ስድስቱንም ክንዶቹን አጥፎ ቆመ።

«ይህን ከልጆቹ ለምን ትወስዳለህ?»

«አልወስድም። ይሰጡኛል» አለ ማሽኑ። «በመጀመሪያው ቀን እንብላ አሉኝ። አፍ የለኝም አልኳቸው። በሞቴ አሉኝ። በሞቴ ለተባለ እምቢታ አልተማርኩም፤ ስለዚህ ባዶውን እጄን ዘረጋሁ። አንዱን ስቀበል አንድ ያጣላል ብለው ሁለተኛ ጨመሩ።»

እታገኝ ብልቃጡን እንደያዘች ቀረች። ከላይ ከመስታወቱ ሆና ለሠላሳ ሰባት ቀን ዓይኗን ከቁጥሩ ስታነሳ ያየችው የማሽኑን ሰፊ ጀርባና የልጆቹን ጸጉር ብቻ ነበር። ወላጅ ገበታ አጠገብ እንዳይደርስ፣ ንባቡ እንዳይዛባ ብላ ደንቡን ያወጣችው እራሷ ናት።

«ለምን አልጣልከውም?»

«ጉርሻ ይጣላል?» ሲል ጠየቃት። የምር ጥያቄ ነበር።

እታገኝ ብልቃጡን ወደ መደርደሪያው ስትመልስ ማሽኑ ቀጠለ። የተጠየቀው ስለ ባከነ ምግብ እንደነበረና ይህኛው ደግሞ ስላልባከነ ሪፖርት እንዳላደረገው አስረዳት። ዋሲሁንም ከበሩ ሆኖ እውነቱን አወጣ። ነገሩን ያወቀው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ እሱም መጀመሪያ ብልሽት መስሎት ሊጠግነው መጣ። ልጆቹ ከበው ለመኑት። እታገኝ ከሰማች ትከለክለናለች አሉት። ማን አለ ብላ ስትጠይቀው መሬት መሬት እያየ ሀሴት ናት አላት።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ማሽኑ ለሦስት ቀን ጉርሻ እምቢ ካለ ሁለቱ ቁራሾች ወደ ልጆቹ ሆድ ይመለሳሉ፣ ንባቡ ከዘጠና አምስት ይዘላል፣ ቱቦው ለዘላለም ይቀራል። የሀሴት ጉበት ይተርፋል። ሦስት ቀን ምንድን ነው? እታገኝ አላመነታችም።

«ከነገ ጀምሮ አትቀበልም» አለችው።

«እሺ። ልጆቹን ምን ልበላቸው?»

«ጠግቤያለሁ በላቸው።»

«ይህ ቃል በመዝገቤ አለ» አለ ማሽኑ። «በአሥራ አንደኛው ቀን እርስዎ ለሀሴት ያሉት ነው።» ከዚያም ረጅሙን ክንዱን ልኮ ከሁሉም መደርደሪያ በላይ፣ ከጥግ፣ አንድ ብልቃጥ አወረደላት። ከአጠገቡ ጥንድ አልነበረውም። «ሀሴት፣ አሥራ አንደኛ ቀን። የእማዬ» ይላል።

ያን ቀን አስታወሰች። አንድ ሆድ ቆጣሪ ተበላሽቶ ለማየት ወደ ገበታው ወርዳ ነበር። ዓይኗ አምባሩ ላይ ነበር። ከጎኗ አንዲት ትንሽ እጅ ተዘረጋች፤ እታገኝ ከጠዋት ጀምሮ እህል ባትቀምስም ዞር ብላ እንኳ ሳታይ «ጠግቤያለሁ» አለች፤ ንባቡ እንዳይዛባ። ያቺ ትንሽ እጅ ተዘርግታ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየች አላወቀችም። ማሽኑ ግን ቆጥሮታል፤ አሥራ አራት ሰከንድ።

«ጉርሻውን ለእኔ ሰጠችኝ» አለ ጋሽ ማንኪያ። «ሁለተኛውስ ስላት፣ አይ፣ እማዬ አንዱን ሳትቀበል ሁለተኛ የለም አለችኝ። አስቀምጥልኝ አለች። አስቀምጫለሁ።»

እታገኝ እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ አለቀሰች። በልጇ ሆድ ስንት ግራም እንደገባ አንድ ቀን ሳታጓድል ታውቅ ነበር፤ አንገቷን ለምን እንደደፋች ግን ሌላ ሰው ላይ ስትፈልግ ከረመች። ሲወጣላት ፊቷን ጠርጋ ትእዛዙን ሰረዘች።

በማግስቱ ወይዘሮ ዘይነባ ከድርጅቱ ሰው ጋር መጡ። ሴትዮዋ በቀላሉ የሚታለሉ አይደሉም፤ በዓይናቸው ሰውን ይመዝናሉ። ልጆቹ በሉ፣ ግድግዳው ዘጠና አንድ ብሎ ቆመ። የድርጅቱ ሰው ፈገግ አለ። እታገኝ መጋዘኑን አስከፍታ ሁሉንም አሳየቻቸው፤ የሸሸገችው ነገር አልነበረም። ሰውየው ብልቃጦቹን ሲያይ ብክነት ማለት ይኸው ነው፣ ደንብ ደንብ ነው አለ።

ወይዘሮ ዘይነባ ወደ ማሽኑ ዞሩ።

«ቱቦውንም ስታድል የኖርከው አንተ ነህ?»

«አዎ። ስድስት ዓመት።»

«በስድስት ዓመት ስንት ልጅ እንብላ አለህ?»

«አንድም።»

ሰብሳቢዋ ለረጅም ጊዜ መደርደሪያውን አዩ። ከዚያ ንባቡ ደንቡን እንዳላሟላ አስመዘገቡ፤ የእታገኝ ፊት አመድ መሰለ። ቀጥለውም ደንቡ የተጻፈው ልጅ ብቻውን ይበላል ተብሎ ስለሆነ እንደገና እንዲጻፍ፣ ሙከራው አርባ ቀን እንዲጨመርለት፣ ከእንግዲህም የሚለካው ገበታው እንጂ ልጁ ለብቻው እንዳይሆን አስጻፉ። ጋሽ ማንኪያን የሰው ጉርሻ በብልቃጥ ከማጎር ለጎረቤት ገበታ እንዲያቀብል መከሩት። የድርጅቱ ሰው ይግባኝ እላለሁ ብሎ ሄደ። ይልም ይሆናል፤ እታገኝ እሱን መጠርጠሯን አልተወችም።

ማሽኑ የልጆቹን ፍቅር ይረዳው ይሆን ወይስ መዝግቦ ብቻ ያስቀምጠው፣ እሷ አታውቅም። አቶ ዋሲሁንም አያውቅም። በቀጣዩ ቀን ምሳ ሰዓት ከመስታወቱ ክፍል ስትወርድ ያሰበችው ግን ስለ ማሽኑ አልነበረም። በእነዚያ ሠላሳ ሰባት ቀናት ከእሷና ከማሽኑ መዝግቦ ብቻ ያለፈው ማን እንደነበረ ነው ያሰበችው።

አዳራሹ ውስጥ ሀሴት ሳህኗን ገና አልጨረሰችም። እታገኝ ትንሿን ወንበር ስባ ጉልበቷን አጥፋ ከጎኗ ተቀመጠች። ርቧት እንደነበር ነገረቻት፤ ያን ጊዜም፣ አሁንም። ልጅቷ እናቷን በጥርጣሬ አየቻት፤ ጥርጣሬ እንዴት እንደሚታይ ከማን እንደተማረች ግልጽ ነው። ከዚያ ጎመንና አይብ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። ጉርሻው ከንፈሯን ሲነካ የእታገኝ አምባር «ያልተመዘገበ ምግብ» እያለ ጮኸ፤ ፈታችና ገበታው ላይ ጣለችው።

አፏን ከፈተች። እያላመጠች ቀና ስትል ሀሴት ሁለተኛውን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር።